ሰርቨሩን ካገናኘሁ በኋላ ከሞያሌ የምነሣበት ምክንያት

ስደታቸውን የሚጽፉ ሁሉ በሌሊት ወጣን ይላሉ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ክራባቴን አስሬ ነው። ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ለመሻገር ጨለማ አያስፈልግም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መውጣት ብቻ ነው። ከፊቴ አንድ ሰው ፍየሎቹን እየነዳ ተሻገረ፤ ማንም አልጠየቀውም። እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ ቢያንስ አንድ ሰው «ወዴት ነው?» ይለዋል ብዬ አስብ ነበር።

የዋዜማውን ሌሊት ግን አልደብቃችሁም፤ አልተኛሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልኩት የዞን መሥሪያ ቤት በጡረታ ካሰናበተኝ ከስድስት ወር በኋላ ሰው ልኮ አስጠራኝ። የመረጃ ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ አሥራ አንድ ኮምፒውተር ተረክቤያለሁ ብዬ እንድፈርም ነው። ኮምፒውተሮቹን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አልፈርምም አልኩ። ሁለተኛ ጠሩኝ፤ አልፈርምም አልኩ። በሦስተኛው ጸሐፊው እስከ በሩ ሸኘኝና «ነገ ሲመጡ ብርድ ልብስ ይዘው ይምጡ» አለኝ፤ ያውም በፍጹም ትሕትና።

ልጄ ማርታ ያን ሌሊት ከያቤሎ መጥታ ልብሴን አጣጠፈችልኝ። መምህርት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

«አባዬ፣ ሹራቡን ያዝ።»

«ሞያሌ ሹራብ ምን ይሠራል? በረሃ እኮ ነው።»

«ከሞያሌ ወዲያ ቢወስዱህስ?»

«ከሞያሌ ወዲያ አልሄድም» አልኳት።

የገባሁላት ቃል ይህ ብቻ ነው። ከያቤሎ ሞያሌ ግማሽ ቀን አይሞላም። እዚያ ከቆየሁ ልጄ ኬላውን በእግሯ ተሻግራ ታየኛለች፤ ስትወልድም የልጅ ልጄን ታቅፋ ታመጣልኛለች። ከዚያ ከራቅሁ ግን የምታመጣልኝ ፎቶግራፍ ነው።

ማንያታ በሚባለው ሠፈር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ በንግድ አማርኛ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ቤቱ ውኃ አለው?» አልኳቸው።

«አለው።»

«የት ነው?»

«አህያ ላይ።»

«መብራትስ?»

«መብራት ካንተ አገር ነው የሚመጣው። ሲጠፋ እኔን እንዳትወቅሰኝ።»

እውነታቸውን ነው። የኬንያዋ ሞያሌ መብራት ከኢትዮጵያ በኩል ይመጣል። አገሬን ጥያት ስወጣ መብራቷ ተከትሎኝ መጣ፤ መጥፋቱም አብሮ መጣ።

ምግቡን አታንሡብኝ። ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ ነው፤ ቅቤውንና በርበሬውን የቀሙት ገንፎ። ረቡዕ ቀን አንድ ሆቴል ገብቼ የጾም አምጣልኝ ብል ባቄላ ቀረበልኝ። ደስ ብሎኝ ልጎርስ ስል የሥጋ መረቅ ሸተተኝ። አስተናጋጁን ጠራሁት። «ሥጋ የለበትም ምዜ፣ መረቅ ብቻ ነው» አለኝ። ምዜ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው። እዚህ አቶ ወርቅነህ የሚባል ሰው የለም፤ ምዜ ብቻ ነው ያለው።

በሳምንቱ ወደ ኢሚግሬሽን መስኮት ሄድኩ። በአስተርጓሚ ሳይሆን ራሴ፣ በእንግሊዝኛዬ።

«ምዜ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ መኮንኑ።

«ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ጡረተኛ አይሰደድም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚሰደደው?»

«ወጣት ነው። ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጣል።»

«ቢያስቀምጡኝ እቀመጥ ነበር» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ተናደድኩ፤ ቀልድ አልነገርኩትም። ከዚያ ምርጫዬን ነገረኝ። ወይ ቀጣሪ የሚሆነኝ ድርጅት ደብዳቤ ጽፎልኝ የሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ወይ ከሞያሌ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ወዳለው የስደተኞች ካምፕ እላካለሁ።

«ዋልዳ ካምፕ ነበረ ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት። «እሱ ቅርብ ነው፤ ወደዚያ ላኩኝ።»

«ዋልዳ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ዘግይተህ ነው የተሰደድከው፣ ምዜ።»

የአንድ ወር ጊዜ ሰጠኝ፤ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ወር ጨመረልኝ፤ እንዲህ እያለ አራት ሆነ። በአራተኛው «ከዚህ በላይ አልጨምርም» አለ። በዚያው ወር ነው ከወይዘሮ አፀደ ጋር የተዋወቅነው።

ወይዘሮ አፀደ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አባታቸው ከደጋ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ክሊኒክ አላቸው፤ ከከተማው አጠገብ ባለችው ቡቲዬ ደግሞ ሁለተኛውን እያሠሩ ነበር። ከናይሮቢ ያገለገለ ትልቅ ሰርቨር ገዝተው፣ አንድ ወጣት መሐንዲስ መጥቶ ጀምሮላቸው፣ ቀሪውን ከሩቅ እጨርሳለሁ ብሎ ተመልሷል። አዲሱ አስፋልት ናይሮቢን አቅርቦታል፤ የኢንተርኔቱ መስመር ግን ከሳምንቱ እኩሌታውን ስለማይኖር ከሩቅ የሚጨረስ ነገር የለም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የኮምፒውተር ሰው መሆኔን ሰምተው አስጠሩኝ።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ እስከ ዓርብ ይሥሩልኝ» አሉኝ። «ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሁሉም በኮምፒውተር እንዲሠራ። እኔ ደግሞ ደብዳቤዎን እጽፋለሁ፤ የፈለጉትን ማኅተም እመታበታለሁ።»

አገር ቤት ላላችሁ ሥራውን ላስረዳ። ትልቁ ሰርቨር እንደ አከራዬ ግቢ ነው። ግቢው አንድ ነው፤ ነገር ግን በቆርቆሮ ተከፋፍሎ ስድስት ክፍል ወጥቶታል፤ እያንዳንዱ ተከራይም በሩን ዘግቶ የራሴ ቤት ይላል። ሰርቨሩም በአንድ ብረት ውስጥ ብዙ ምናባዊ ማሽኖችን ያኖራል። የትኛው ማሽን ስንት ሜሞሪ እንደሚያገኝ፣ መቼ እንደሚነሣ የሚወስነው የማሽኖቹ ሥራ አስኪያጅ የሆነ ፕሮግራም ነው። ቀድሞ ሰው ከሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀምጦ ማሽኖቹን አንድ በአንድ በእጁ ያበጃቸው ነበር። አሁን የምትፈልጉትን ሁሉ በአንድ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ፤ ፋይሉን የሚያነብ የአውቶሜሽን መሣሪያ ሥራ አስኪያጁን አዝዞ ያሠራላችኋል። መብራት ሄዶ መጥቶ አንዱ ማሽን ቢበላሽ፣ ፋይሉን እንደገና ማስነበብ ነው፤ እንደነበረ አድርጎ ይሠራዋል። እንደ ሞያሌ ላለ መብራት ከዚህ የተሻለ ብልሃት አልተገኘም።

አስቸጋሪው ሁለቱን ማገናኘት ነው። መሣሪያው ላፕቶፑ ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩ ላይ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ማንም መንገደኛ ላዝዝህ ቢለው አይታዘዝም፤ በትክክለኛው አድራሻ መምጣቱን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰርተፍኬት መያዙን ይጠይቃል። ጥንቃቄውን ወደድኩለት። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ የማይቀበል ደኅና መዝገብ ቤት ማለት ነው። ሰርተፍኬቶቹን የናይሮቢው ልጅ አዘጋጅቶ ትቷቸዋል።

ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ጻፍኩ። ሦስት ማሽን፣ ሦስት ስም፣ የየአንዳንዱ ልክ፤ ከየመስመሩ በላይ ማብራሪያ። አድራሻውን አስገባሁና መሣሪያውን አስነሣሁት። ላፕቶፑ ጥቂት አሰበና መለሰልኝ፤ የቀረበው ሰርተፍኬት ተቀባይነት አላገኘም።

ለምን? አይልም። ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አድራሻውን ፊደል በፊደል አረጋገጥኩ። የሰርተፍኬቱ ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ማን ሊያነበው እንደሚፈቀድለት፣ የሰርቨሩን በር ሁሉ መረመርኩ። ማክሰኞ እንደዚያው፤ ተቀባይነት አላገኘም። የወይዘሮ አፀደ ልጅ ዳዊት፣ ናይሮቢ ተምሮ የተመለሰው፣ ራሱን በበሩ ያስገባና «ጋሼ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ነው እንዴ? አሁንም አልገባም?» ይለኛል። እስቃለሁ፤ ውስጤ ይበግናል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እጄ ወደ ለመደው ሥራ ሄደ። ደብዳቤ ጻፍኩ። ለወይዘሮ አፀደ፤ ጉዳዩ፦ የናይሮቢው ባለሙያ ያዘጋጀው ሰርተፍኬት ጉድለት ያለበት ስለመሆኑ። ምክንያቶችን ዘረዘርኩ፤ ፈረምኩ። ወይዘሮ አፀደ አንብበው ሳይጨርሱ ስልክ አነሡ። ልጁን በስዋሂሊና በአማርኛ አቀላቅለው አወረዱበት፤ ቃል የገቡለትን የቡቲዬውን ክሊኒክ ሥራም አትነካውም አሉት። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ሲናገር ከስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ ሰዓቱን እዩት፣ የሰርቨሩን ሰዓት እዩት። እኔ ምክንያት ሲያጣ ነው አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምክንያት ሲሰጡኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ መብራት ሄዶ መጣ፤ ሰርቨሩም ወድቆ ተነሣ። ቀኑን የምትይዝለት ትንሿ ባትሪ ሞታለች፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ የመብራት መጥፋት በኋላ ቀኑን በእጄ እሞላለት ነበር። ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ ሞልቼዋለሁ። ልሞላ ቁልፉ ላይ እጄን ሳሳርፍ ልጁ ያለው ትዝ አለኝና እጄን አየሁት።

በመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተሩ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሚሞላው፤ ዓመተ ምሕረቱም፣ ከጠዋቱ ጀምሮ የሚቆጠረው ሰዓትም። ከማሽኑ የሚወጣው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤቱ ቀን ጋር እንዲገጥም እኔው ራሴ ያወጣሁት መመሪያ ነው። ኃላፊዎች አመስግነውኛል። በኮራሁበት እጅ የወይዘሮ አፀደን ሰርቨር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። የሰርቨሩን የውስጥ መዝገብ ከፈትኩት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሳልከፍተው የቆየሁትን። ለላፕቶፑ ያልተናገረውን ለራሱ ጽፎታል፤ የዚህ ሰርተፍኬት የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም። እውነቱን ነው። ለእሱ ልጁ ሰርተፍኬቱን የሚሠራው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ቀኑን በፈረንጁ አድርጌ ሞላሁና መሣሪያውን አስነሣሁት። ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፈተ። ካርድ ክፍል ተነሣ፣ ላቦራቶሪ ተነሣ፣ መድኃኒት ቤት ተነሣ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እልል አለች። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፊቴ ይቃጠል ነበር። በሕይወቴ ከዚያ ቀን ይልቅ በራሴ ላይ የተናደድኩበት ቀን የለም፤ ያንን የመሰለ የተጣራ ሥራ ሠርቼም የማላውቅ መሆኔ ንዴቱን አባሰው።

ያው ማታ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ቀደም ሲል የቀረበውን ሪፖርት ስለማረም። ሰርተፍኬቱ ትክክል እንደነበረ፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ ለባለሙያው ይቅርታ እንዲጠየቅና የቡቲዬው ሥራ እንዲመለስለት በትሕትና አሳሰብኩ። ሐሙስ ጠዋት በእጄ ሰጠኋቸው።

ወይዘሮ አፀደ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ሠርቷል አይደል?»

«ሠርቷል።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«ማረሚያ ነው።»

«ማን አርሙ አለዎ?» አሉ። «እኔ ያንን ልጅ እናቱ ልትሰማው በማይገባ ቃል ሰድቤዋለሁ። አሁን ደውዬ ይቅርታ ልለው ነው? ሞያሌ ሙሉ ሊስቅብኝ?»

ዳዊት ከግድግዳው ተደግፎ «ጋሼ፣ ኢናፋንያ ካዚ፣ ባሲ» አለ። እየሠራ ነው፣ በቃ ማለቱ ነው።

«ለልጁ አልበቃውም» አልኩ።

ወይዘሮ አፀደ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መጥፎ ሴት አይደሉም፤ ይህን ስጽፍም መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። «ስሙኝማ» አሉ። «የእርስዎ የፈቃድ ደብዳቤ ተጽፎ አልቋል፤ እዚች መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህችን ማረሚያዎን ያንሡና ያንን ይዘው ይሂዱ። ማን ያውቃል? ማንም።»

መሳቢያዋን ከፍተው አሳዩኝ። ወረቀቷን አየኋት። ስሜ በሙሉ ተጽፏል፤ አቶ የሚለው እንኳ አልቀረም። ክብ ማኅተም አርፎባታል። ወገኖቼ፣ እጄ አልተንቀሳቀሰም አልላችሁም። ተንቀሳቅሷል። ጠረጴዛው ድረስ ሄዷል።

«ማረሚያውን አላነሣም» አልኩ።

«እንግዲያው ስህተት የሠራ ሰው ነው ብዬ ለመንግሥት እንዴት ልጻፍ?» አሉ። «ራስዎ ፈርመውበት!»

ዳዊት ይህን ሲሰማ ቀና አለ። «ማሚ፣ ደግሞም ጋሼ አያስፈልገንም እኮ። ፋይሉ አለ፤ ሁሉንም አብራርቶ ጽፎታል። መብራት ሲመጣ ቀኑን ሞልተን አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ እኔም እችላለሁ።»

እውነቱን ነው። እኔ ለማንም እንዲገባ አድርጌ ጻፍኩት፤ ከዚህ ሌላ አሠራር አልተማርኩም። መሳቢያዋ ተዘጋች።

ዓርብ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። በደብዳቤው ፈንታ የአገልግሎት ማስረጃዬንና ከመሥሪያ ቤቴ የተሰጡኝን የምስጋና ወረቀቶች አቀረብኩ። መኮንኑ አገላብጦ አያቸው።

«መንግሥትህ ይህን ያህል አመስግኖህ ከማን ነው የሸሸኸው?»

«ካመሰገኑኝ ሰዎች።»

በዚህኛው አልሳቀም። ቅጽ ላይ አንድ ነገር ሞላና ሰኞ ጠዋት ከአውቶቡስ ማቆሚያው እንድገኝ ነገረኝ። ከበድ ያለ ልብስ እንዳልይዝ መከረኝ፤ እዚያ ሙቀቱ ከዚህ የባሰ ነው አለ። ለምክሩ አመሰገንኩት፤ ይህም ያናድደኛል፤ ያም ሆኖ አመሰገንኩት።

የኢትዮጵያ ሲም ካርድ የሚሠራው ወደ ኬላው ስትጠጉ ነው። ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ቆሜ ለማርታ ደወልኩ። ወዲያኛው ዳገት ላይ የአገሬ ቆርቆሮዎች ያንጸባርቃሉ፤ የሚሸጥ ጫት የጫነ ቦዳቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት በአጠገቤ ተሻገረ፤ ማንም አልጠየቀውም።

«አባዬ፣ ወረቀቱስ?» አለች ገና ከመነሻው።

የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳት።

«ማን ጠየቀህ?» አለች።

«ማንም።»

«ልጁ ከሰሰህ?»

«አልከሰሰም። ማን እንደጻፈበትም አያውቅም።»

«እና?»

«እናማ በእኔ ፊርማ ነው እንጀራው የተወሰደበት።»

እስትንፋሷ ይሰማኛል፤ በሰባተኛው ወሯ እስትንፋሷ አጥሯል።

«እኔ እኮ በእግሬ እሻገራለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ሰዎቹን ሁሉ አባቴ ሞያሌ ነው፣ ቅርብ ነው እያልኩ። ያ ካምፕ ስንት ቀን ነው?»

«ሁለት። መንገዱ ደኅና ከሆነ።»

«ሕፃን ይዞ ይኬዳል?»

«አይኬድም።»

«ለልጁስ ይቅርታ ጠየቁለት?»

«አልጠየቁም።»

«ታዲያ ለማን ነው የጻፍከው?»

ይህን ስጽፍላችሁም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ማርታ ግን አልለቀቀችኝም። በእናቷ ወጥታለች፤ ሲከፋት ድምፅዋ ይቀዘቅዛል።

«ስም የምታወጣለት አንተ ነህ ብዬ ነበር» አለች። «እሱንም በደብዳቤ ትልክልኛለህ? ቁጥርና ቀን ያለው? ከግልባጭ ጋር?»

«ስሙን አውጥቼዋለሁ» አልኳት። «ለወንድም ለሴትም ይሆናል።»

«ንገረኛ።»

ከንፈሬ ላይ ነበረ። ከፊቴ ያለውን ቁልቁለት አየሁት፤ ፈጠን ብሎ ለሚራመድ ሰው ዐሥር ደቂቃ አይሆንም። ስም ግን ሕፃኑን ታቅፈው፣ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ነው የሚነግሩት።

«በስልክ አይሆንም፣ ማርታዬ።»

«እንግዲያው ስም ሳይወጣለት አሳድገዋለሁ» አለችና ዘጋችው።